በአሮጌው ማሽን ልክ

ጥቅምት 14 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለቀልቃላው፦

እንደምን ሰንብተሃል? ናፍቆትህ እንዳለ ሆኖ እኛ ሁላችን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ጤነኛ ነው፤ ጠዋት ተነስታ እኔን ሳትቆጣ ቁርስ አትበላም። እኔም የአንድ ሆቴል አስተናጋጆችን ደንብ ልብስ ተቀብዬ ሥራ በሥራ ሆኛለሁ። በላክኸው ፎቶ ላይ የሰፋሁልህን ካፖርት አየሁት። ትከሻው ላይ ይዞሃል። ስሰፋልህ አጥንት ብቻ ነበርክ፣ አሁን ሰው መስለሃል፤ ስትመጣ አሰፋልሃለሁ።

ባለፈው በስልክ «ሠራ ወይስ አልሠራም?» ብለህ ስትጠይቀኝ «ሠራ» አልኩህና መስመሩ ተቋረጠ አይደል? አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። እንባ ሲቀድመኝ ምን ላድርግ? አንተ ደግሞ ሲያለቅስ በሰማኸው ሰው ላይ ዕድሜ ልክህን ነው የምታሾፈው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከሥር ከመሠረቱ ልጽፍልህ ወሰንኩ። የምታውቀውንም ጨምሬ ነው የምነግርህ፣ አትሰልች። አንተ የምታውቀው በዚያ በኩል ያለውን ነው፤ እዚህ ቤት የሆነውን አላየህም።

አባዬ ማንቁርቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ ቤታችን ምን እንደሚመስል እውነቱን አልነገርንህም ነበር። «ደህና ነው፣ እየለመደው ነው» ነበር የምንልህ። አልለመደውም። አስበው እስቲ፤ ዕድሜውን ሙሉ መናኸሪያ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ ከተማውን ሲያሳፍርና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም «ጋሽ ማይክ» እያለ ነው የሚጠራው። ገበያ ስንወጣ ሰው የሚያውቀው በመልኩ አልነበረም፤ «ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነበር ሁሉም ዞር የሚለው። ያ ሰው ጭጭ አለ።

የንግግር ሐኪሟ ነጭ ሰሌዳ ሰጥታው ነበር። መጀመሪያ ላይ ይጽፍበት ነበር። ግን እማዬ መነጽሯን ፈልጋ እስክታደርግ፣ እኔም ከስፌት መኪናዬ ቀና እስክል፣ የጻፈው ነገር ጊዜው ያልፍበታል። ቀልድ ደግሞ ዘግይቶ ከደረሰ ቀልድ አይሆንም። ተወው። እንግዳ ሲመጣ ወደ መኝታ ቤት እየገባ በሩን መዝጋት ጀመረ። አንተ ስትደውል ስልኩን ይዞ በጣቱ ኳ ኳ የሚያደርግልህ፣ አንተ እንደ ጨዋታ የያዝከው ነገር አለ አይደል? ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚተኛው። ሰው ቤቱ ውስጥ እያለ ሲጠፋ አየሁ፤ እኔም እማዬም የምናደርገው ጠፋን።

ስለዚህ «የድሮ የማስታወቂያ ካሴቶቹን ፈልጊልኝ፣ ከእነሱ ድምፁን መልሶ የሚሠራ ፕሮግራም እጽፋለሁ» ስትለኝ ያበድክ ቢመስለኝም ሄድኩ። የመናኸሪያው ዕቃ ቤት ኃላፊ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ከወንበሩ ተነሳ። «ለጋሽ ማይክ ከሆነ መጋዘኑንም ተሸክመሽ ሂጂ» አለኝ። ካሴቶቹ አቧራ ጠጥተዋል፤ በጨርቅ እየጠረግሁ፣ ወደ ስልኬ እየቀዳሁ ላክሁልህ። ከዚያ በኋላ ያለውን ድካም አንተ ታውቀዋለህ።

ፕሮግራሙ የመጣ ዕለት ብሎንን ጠራሁት። ብሎን የምንለው የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የሚጠግነውን ሰውዬ ነው፤ ከኪሱ ብሎን ጠፍቶ አያውቅም። ካርድ ክፍሉ አርጅቷል ብሎ ያስወገደውን ኮምፒውተር ለአባዬ አስፈቅዶ ያመጣው እሱ ነው። ሲበራ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ብሎን ተቀመጠና ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት አምጥተህ ጫን የምትል አንዲት መስመር ጻፈ።

«ይኼው ነው?» አልኩት።

«ይኼው ነው እህቴ፣ የቀረውን ራሱ ያመጣዋል።»

ራሱ ያመጣው ቀይ ጽሑፍ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ። ብሎን ራሱን ሲያክ ቆየ።

«አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽ? በአንቺ ቋንቋ ልንገርሽ» አለኝ። «የወንድምሽ ፕሮግራም አብዛኛው ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው የተጻፈው፤ እሱ እንዳለ ይሠራል። ድምፁን የሚቆራርጠውና የሚገጣጥመው ክፍል ግን ፈጣን መሆን ስላለበት ሲ በሚባል ሌላ ቋንቋ ነው የተጻፈው። በሲ የተጻፈ ደግሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ካልተቀየረ አይሠራም። ወንድምሽ የላከው ጨርቁን ከነልኩ ነው። እዚያው ስፉት ነው ያለው። ይህ ምስኪን ደግሞ የስፌት መኪና የለውም።»

የስፌት መኪና ያለው ኮምፓይለር የምትሉትን ነገር መሆኑ በኋላ ነው የገባኝ። ብሎን እዚያው ሊጭንለት ቢሞክርም ኮምፒውተሩ አልችል አለ።

ነገርንህ። አንተም ሰፍተህ ላክህ። በዚህኛው ጊዜ ብሎን መስመሯን ጽፎ እጁን እንኳ ሳያነሳ ፕሮግራሙ ገባ። አባዬ ይህን ሲያይ የሥራ ኮቱን አውጥቶ ለበሰ። አዎ፣ ያንን ሰማያዊውን። ፀጉሩን አበጠረ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ረጅም ነገር ጻፈ፤ ምን እንደሆነ አላየንም፣ በክንዱ ጋርዶት ነበር። ቁልፉን ሲጫነው ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ጠፋ። በቦታው አንዲት አጭር መስመር ቀረች።

«ምን ይላል?» አለች እማዬ።

«ሕገወጥ ትዕዛዝ ነው የሚለው» አለ ብሎን፣ ራሱ ያጠፋ ይመስል እያፈረ።

አባዬ ስንት ጊዜ ያልነካውን ሰሌዳ አንስቶ ጻፈ፦ «ገና አፌን ሳልከፍት ታሰርኩ?»

ብሎን በሳቅ ፍርስ አለ፤ እማዬም ሳቀች። አባዬ ግን ኮቱን አውልቆ ሰቀለና ወደ መኝታ ቤት ገባ። ትንሽ ቆይቶ በሩን ከፍቶ ሰሌዳውን ሰጠኝ። «በቃ። ልጁን አታድክሙት፣ ሥራ አለው» ይላል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳውንም መልሶ አልጠየቀኝም።

ስሕተትህን ብሎን ሲያስረዳኝ ልስቅም ልናደድም አማረኝ። ኮምፓይለሩን «ለዚህ ማሽን የምትችለውን ሁሉ አድርግ» ብለህ አዘዝከው፤ እሱም የአንተ አዲስ ፕሮሰሰር ብቻ የሚያውቃቸውን ትዕዛዞች እያነሳ ሠራው። የአባዬ አሮጌ ማሽን እነዚያን ሰምቷቸው አያውቅም። በራስህ ልክ ሰፍተህ ለአባትህ ላክህ ማለት ነው! እኔ ዘንድ ትናንት መቀስ የያዘች ልጅ እንኳ ይህን አታደርገውም። ብሎን ግን ተቆረቆረልህ። «ይህ የሥራው ባሕርይ ነው» አለኝ፤ «እነሱ ማሽን ላይ ሲሠራ ዓለም ሁሉ ላይ የሠራ ይመስላቸዋል።»

ሦስተኛው ሲመጣ ነው እንግዲህ ነገሩ። ብሎን መልእክትህን አነበበልኝ። በአዲሱ ማሽንህ ሆድ ውስጥ ከሁሉ ያረጀውን ሲስተም ተክለህ፣ «የምትችለውን ሁሉ» የሚለውን ትዕዛዝ ሰርዘህ፣ የስፌቱን ሥራ እዚያ ውስጥ እንደሠራኸው ጽፈሃል።

«ለምን አሮጌ ውስጥ?» አልኩት።

«አሮጌው ላይ የተሠራ አዲሱም ላይ ይሄዳል። አዲሱ ላይ የተሠራ ግን ወደ አሮጌው አይመለስም» አለኝ።

መቀሴን አስቀመጥኩ። እኔ ኮምፒውተር ደካማውን ጥሎ የሚሄድ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ሁሉንም ላዳርስ ያለ ሰው መጀመሪያ ወደ ኋላ የቀረውን ያስባል የሚል ሕግ እዚያ ውስጥ አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ብሎን ደግሞ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ተስማምተው እስከ የትኛው አሮጌ ድረስ እንደሚወርዱ ወስነውታል አለኝ። የማይተዋወቁ ሰዎች! እኛ ሰፈር ለጋራ ቧንቧ መስማማት አቅቶን ስንት ጊዜ ተጣልተናል።

ከዚያ ሥራህን ያስቀመጥክበትን ገጽ ከፍቶ አሳየኝ። ስማቸው እንደ ዘር ሐረግ የረዘመ ፋይሎች ተደርድረዋል። ብሎን ስሙን እየቆራረጠ አነበበልኝ፦ ይህ የፓይተኑ ዕድሜ፣ ይህ የማሽኑ ዓይነት፣ ይህ ምን ያህል እስካረጀ ድረስ እንደሚሆን። እኔ አንገትጌ ላይ የምሰፋው የልክ ቁጥር ነው እንጂ ሌላ አይደለም። የገረመኝ ግን አንዱንም አለመምረጣችን ነው። ብሎን ያችኑ አንዲት መስመር ጻፈ፤ ያ የተጣለ ኮምፒውተር ራሱን አውቆ፣ ከዚያ ሁሉ መሃል የራሱን ልክ አንስቶ ለበሰው። ባሕር ማዶ አንድ ክፍል ውስጥ የተሠራ ነገር እኛ ሳሎን፣ የእማዬ ጥልፍ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ መጥቶ ልክክ አለ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

የተሰፋውን ክፍልም ከፍቶ አሳይቶኛል። ሰው የሚያነበው አይደለም፤ ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት ወረቀት ነው የሚመስለው። በፓይተን የጻፍከውን እንኳ ብሎን እንደምንም እያነበበ አስረዳኝ። ከእሱ ውስጥ አንዲት መስመር ያንን የማይነበብ ነገር በስሙ ጠርታ ታስገባዋለች፣ ከዚያ ወዲያ ሥራውን ለእሱ ትተውለታለች። ማንም በማያነበው በዚያ ነገር ውስጥ የአባዬ ድምፅ እየተቆረጠ ይቀጠላል። ይህን ሰው እንዴት ያስበዋል? አንተ፣ ጫማህን ለማሰር እንኳ እኔን የምትጠራው ልጅ፣ ይህን እንዴት አሰብከው? እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት ወንድሜ መሆንህንም ተጠራጠርኩ።

ብሎን «ልሞክረው» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት።

«አይሆንም» አልኩት፤ «በአባዬ ድምፅ መጀመሪያ የሚናገረው አባዬ ነው።»

ጠረጴዛውን ሁለታችን እየጎተትን መኝታ ቤቱ ደፍ ላይ አደረስነው። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተኝቷል። ኪቦርዱን ብርድ ልብሱ ላይ ሳስቀምጥለት ተበሳጭቶ ዞረ። «ልጅህ አሮጌው ላይ ሠራው» አልኩት፤ ሌላ የምለው አልመጣልኝም። ብዙ አየኝ። ከዚያ በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ መጻፍ ጀመረ። በዚህኛው ጊዜ ኮትም የለ፣ ማበጠሪያም የለ። ተጫነው።

«እመቤት!»

የእሱ ነው ወንድሜ። እማዬን ሁልጊዜ እንደሚጠራት፣ መጨረሻ ላይ ከፍ የሚያደርጋትን ነገር ሳይቀር። መናኸሪያ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ጠርቷት አያውቅም፤ ቃሉ ካሴቶቹ ውስጥ የለም። ከመነሻ ሰዓትና ከመኪና ቁጥር ፍርፋሪ ተለቅሞ ነው የተሠራው። ይህን ብሎን በኋላ ነው የነገረኝ። በዚያች ቅጽበት ግን ከወጥ ቤት «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ። እማዬ ናት፤ ሳታስበው፣ እንደ ድሮዋ። ወዲያው የሆነ ዕቃ ሲወድቅ ሰማን። እጇ እንደረጠበ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ማን ነው የጠራኝ?»

አባዬ አቀርቅሮ ይጽፋል። እሷም ቆማ ጠበቀችው።

«እባክሽን ውሃ አምጪልኝ፤ ስለ ትብብርሽ አመሰግናለሁ» አለ፣ በዚያ ቃሉን እየረገጠ በሚናገርበት በማስታወቂያ ድምፁ።

«ስንኖር ስንኖር እንዲህ በትህትና ለምነኸኝ አታውቅም» አለች እማዬ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ። «ማሽኑ ካንተ ይልቅ አስተዳደግ አለው።»

ውሃውን ግን አመጣችለት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ድገመው» አለችው። «ምኑን?» አለ። «መጀመሪያ ያልከውን።» ደገመላት። ብሎን «ብሎን ወደቀብኝ» ብሎ ወጣ፤ በረንዳ ላይ ሲናፈጥ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ጎረቤት ሲመጣ በር ላይ ሆኖ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ዕቃችሁን በጥንቃቄ ያዙ» ይላል፣ ሰው ይስቃል፣ እሱም ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። የንግግር ሐኪሟ መጥታ ስትሰማው ገና አዲስ የሆነውን የራሷን ኮምፒውተር ከቦርሳዋ አውጥታ ያችኑ መስመር ጻፈች። እዚያም ገባ፤ የራሱን ልክ አግኝቶ። ከምታክማቸው መካከል አንዲት ድምፅዋን ያጣች አስተማሪ አለች፤ የራሷን የድሮ ቅጂ ፈልጌ ለእሷም እሞክራለሁ ብላ ሄደች። እኔ በሩ ድረስ ሸኝቻት ስመለስ ለማላውቃት ሴት ልብስ የሰፋሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰፊው ግን አንተ ነህ።

ስልክ ላቅርብልህና አውራው ብለው ግን «የለም» አለኝ። በድምፁ ነው «የለም» ያለኝ! «በስልክ ይታፈናል። ሲመጣ ፊት ለፊት ይስማው» አለ። የባለሙያ ኩራት ነው፤ ታውቀዋለህ።

ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በመስኮት ሲገባ ተቀምጦ ይጽፋል። ከጻፈ በኋላ አንድ ጊዜ ያሰማኝና «ይህን አስቀምጪ» ይለኛል። «ይህ ለሠርግሽ ነው» አለኝ አንድ ቀን። እኔን! ባል ቀርቶ ክር የሚያቀብለኝ ያጣሁትን። «ምን አስቸኮለህ፣ ያኔ ራስህ ትለዋለህ» አልኩት። «አስቀምጪ» አለ። ሌላ ቀን ደግሞ «ይህ ለልጁ ልጅ» አለኝ። የቱ ልጅ ብለው «የሚወለደው» አለ። ለእማዬም ብዙ አለ፤ እሷን ወጥ ቤት እየላከ ነው የሚጽፈው። እኔም እሺ እያልኩ አስቀምጣለሁ። በዚያ ሰዓት ዓይኑን አላየውም፣ እሱም የእኔን አያይም።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ጋ ሄደን ነበር። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት አጥፎ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ስንወጣ አባዬ እጄን ይዞ፣ ስልኬ ላይ «ለእሱ እንዳትነግሪው» ብሎ ጻፈልኝና አስማለኝ። ምያለሁ። ስለዚህ አልነግርህም።

ፈጣሪ እጅህን ይባርከው ወንድሜ። ቤታችን ጨልሞ ነበር፣ አንተ አበራኸው። የሠራኸው ሁሉ እንዲህ ለደከመው የሚደርስ ይሁንልህ፤ ወጥተህ እስክትገባ ከክፉ ይጠብቅህ፤ የምታምነው ሰው አያሳጣህ። እማዬ ጉንጮችህን ሳሚልኝ ብላለች፣ ከዚህ ሆኜ እንዴት እንደምስም አታውቅም እንጂ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ከነገ ሰኞ ጀምሮ አባዬ ሆስፒታል ይተኛል። በሚተኛበት ክፍል ኮምፒውተር አይገባም ብለውናል፤ ስልክ ግን ይፈቅዳሉ። ብሎንን ጠየቅሁት። የስልክ ፕሮሰሰር ሌላ ዘር ነው፣ የኮምፒውተሩ አይሆነውም፣ ለብቻው መሠራት አለበት፣ ያንን ደግሞ ከወንድምሽ በቀር የሚያውቀው የለም አለኝ። ሥራልን። አታሳምረው፤ ቁልፉ ጎድሎ፣ ክሩ ተንጠልጥሎ ቢመጣም እንቀበለዋለን። እዚያ ገብቶ ዝም እንዲል አልፈልግም። የጀመርከውን ሥራ ሁሉ አስቀምጠህ ይህን አስቀድም።

ፕሮግራሙ ካልደረሰ ግን አንተ ድረስ።

ታላቅ እህትህ፣
አንተ «መርፌ» የምትላት